የነበረ ሲናገር፤ ፍራንኮ ኮሬሊና የሰገነቱ ምስክሮች

«ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» የሚለው የአበው ብሂል ለታሪክ ጸሐፊም ሆነ ለዳኛ ሲጠቀስ ኖሯል። ለኪነ ጥበብ ሐያሲ ሲጠቀስ ግን እምብዛም አይሰማም። ሐያሲ የሚመረምረው ሥራ ምንጊዜም ፊቱ ተዘርግቶ የሚጠብቀው ይመስለዋልና። ሥዕል በሸራው፣ ልብ ወለድ በወረቀቱ ላይ ነው፤ ያላየ ሄዶ ያያል፣ ያላነበበ ገዝቶ ያነባል። መድረክ ላይ የቆመ ዘፋኝ ሥራ ግን ከአፉ በወጣበት ቅጽበት ያልቃል። ሐያሲው በዚያች ምሽት በዚያ አዳራሽ ካልነበረ፣ የነበረውን ሰው ከመጠየቅ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። የነበረው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሙዚቃ ምሁር አይደለም፤ ከዕለት ወጪው ቀንሶ ርካሽ ትኬት የገዛ ተመልካች ነው። ለመሆኑ የእርሱ ቃል በሂስ ሸንጎ ፊት ምን ያህል ክብደት ሊሰጠው ይገባል?

ይህን ለመመርመር የጣሊያናዊው ቴኖር የፍራንኮ ኮሬሊ ጉዳይ ይበጃል። ኮሬሊ ሙሉ ኦፔራ ለመጨረሻ ጊዜ የዘፈነው በ1976 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከዚህ ዓለም በሞት የተለየውም በ2003 ነው። ይሁን እንጂ በወጣትነታቸው ያዳመጡት የኦፔራ አፍቃሪዎች ዛሬ በዕድሜ ገፍተውም ቢሆን ከትናንት በስቲያ እንደሰሙት አድርገው ይተርኩታል። አንዱ በየትኛው ገቢር፣ በየትኛው ሐረግ ላይ ምን እንዳደረገ ይናገራል፤ ሌላው ያርመዋል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ሐሰተኞች አድርጎ የራሱን ምሽት ያቀርባል። የዚህ ዓይነቱን ክርክር የሰማ ሰው በመጀመሪያ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ቀስ ብሎ ሲያዳምጥ ግን ተከራካሪዎቹ እንደ ምስክር በዝርዝር ላይ የሚጣሉ፣ በዋናው ነገር ላይ ግን የሚስማሙ መሆናቸውን ይረዳል።

ኦፔራ ተውኔቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚዘፈንበት የቴአትር ዓይነት መሆኑ ይታወቃል። ቴኖር ደግሞ በወንዶች ድምፅ ተራ ከፍተኛውን ደረጃ የያዘው፣ ብዙውን ጊዜም የአፍቃሪውን ወይም የጀግናውን ቦታ የሚጫወተው ዘፋኝ ነው። መዘንጋት የሌለበት አንድ ነገር አለ፤ በኦፔራ ቤት ማይክሮፎን የለም። ዘፋኙ በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ሙዚቀኞች የሚጫወቱትን ኦርኬስትራ በትንፋሹ ብቻ አልፎ፣ ከሦስት ሺህ በላይ ከሚሆነው ሕዝብ መካከል በመጨረሻው ረድፍ ላይ የቆመውን ሰው ጆሮ መድረስ አለበት። ከኮሬሊ አድናቂዎች ትዝታ ውስጥ ግማሹ በዚህ ምክንያት ስለ ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን ስለ አካል፣ ስለ አየርና ስለ ርቀት የሚናገር ነው።

ኮሬሊ በአድርያቲክ ባሕር ዳርቻ ባለችው በአንኮና ወደብ በ1921 ተወለደ። የቤተሰቡ ኑሮ ከመርከብ ሥራ ጋር የተሳሰረ ነበር፤ እርሱም በወጣትነቱ የመርከብ ምሕንድስና ትምህርት ጀምሮ ነበር። በፔዛሮ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የቀሰመው ትምህርት ከፍ ከፍ ያሉትን ኖታዎቹን እንዳሳጣው በማየቱ ተወው። ከዚያ በኋላ ድምፁን የገነባው በከፊል ከአንድ ጓደኛው በተማረው ዘዴ፣ በአብዛኛው ግን የካሩሶን፣ የጂሊንና የላውሪ ቮልፒን ሸክላዎች እየሰማና እየመሰለ በራሱ ጥረት ነው። መድረክ የወጣው በ1951 በስፖሌቶ ከተማ፣ በ«ካርመን» ውስጥ የወታደሩን የዶን ሆሴን ቦታ ይዞ ሲሆን፣ ዕድሜው ሠላሳ ሆኖ ነበር። በዚያ ዘመን ድምፁ ፈጠን ያለ እርግብግቢት ስለነበረው ፌዘኞች ስሙን «ፔኮሬሊ» ብለው ቀየሩት። ቃሉ ለጣሊያናዊ ጆሮ የበግ ግልገልን ያስታውሳል። ግልገል የተባለው ሰው ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 1954፣ የሚላኖው ላ ስካላ የዓመቱን ትርኢት ሲከፍት ከማሪያ ካላስ ጋር በስፖንቲኒ «ላ ቬስታሌ» በመድረኩ ላይ ቆሞ ታየ፤ አዘጋጁ ሉኪኖ ቪስኮንቲ ነበር። ቁመተ ሎጋና መልከ መልካም መሆኑም በትዝታው ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። ይህን መካድ ግብዝነት ይሆናል፤ ተመልካች በጆሮው ብቻ ወደ ቴአትር አይሄድም።

ታዲያ የነበሩት ምን ይላሉ? ከሁሉ በፊት ኃይሉን ያነሣሉ። ድምፁ ጆሮን አልፎ ደረት ይመታ ነበር፣ ከፍ ያለ ኖታ ይዞ ሲቆይ ትንፋሽ የሚያጥረው ለተመልካቹ ነበር ይላሉ። ከዚህ በኋላ ታሪኮቹ ይከተላሉ። እዚህ ላይ ሐያሲ ጠንቀቅ ማለት ይኖርበታል። ናፖሊ ላይ ያፏጨበትን ተመልካች ለመደብደብ የመድረክ ልብሱን እንደለበሰ ወደ ፎቅ ሮጦ ወጣ የሚለው ታሪክ ከነጋሪ ወደ ነጋሪ ሲሸጋገር ጌጥ እየጨመረ ሄዷል፤ አንዱ ጎራዴ ያስታጥቀዋል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይሰደዋል። በሜትሮፖሊታን ኦፔራ ጥር 27 ቀን 1961 ከጥቁር አሜሪካዊቷ ሶፕራኖ ከሌዎንቲን ፕራይስ ጋር በአንድ ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ በ«ኢል ትሮቫቶሬ» ሲቀርቡ፣ የመጨረሻው ጭብጨባ 42 ደቂቃ ቆየ እየተባለ ይነገራል። ማን በሰዓት እንደለካው የሚናገር የለም።

ከሁሉም የታወቀው የንክሻው ታሪክ ነው። በዚያው ዓመት ሜትሮፖሊታን የፑቺኒን «ቱራንዶት» በሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ መሪነት በአዲስ ዝግጅት አቀረበ። ልዕልቲቱ ስዊድናዊቷ ቢርጊት ኒልሰን፣ ልዑሉ ኮሬሊ ነበሩ። በሁለተኛው ገቢር ሁለቱ ተፋጥጠው አንድ ዓይነት ከፍተኛ ኖታ አብረው የሚዘፍኑበት ቦታ አለ። ማን አብልጦ ይቆያል የሚለው ጉዳይ ለአዳራሹ ውድድር ሆነ። ኩባንያው ቦስተን ላይ ሲጫወት ኒልሰን ኖታውን አስረዝማ ስለያዘችበት ኮሬሊ ተቆጥቶ ወደ መልበሻ ክፍሉ ገባ፤ ሥራ አስኪያጁ ሩዶልፍ ቢንግም በመጨረሻው ገቢር ስትስማት ንከሳት ብሎ መከረው። ቢንግ ይህን በ1972 ባወጣው የትዝታ መጽሐፉ ውስጥ ጻፈው። ነከሳት፣ እርሷም የውሻ በሽታ ይዞኛልና መዝፈን አልችልም ብላ ቴሌግራም ላከች የሚለው ተቀጥላ በዓለም ተሰራጨ። ኋላ ኒልሰን ራሷ እንዳልነከሳት ተናግራለች። የሚገርመው ማስተባበያው ታሪኩን ያልገደለው መሆኑ ነው። ሕዝቡ ታሪኩን የፈለገው ስለ ንክሻው አልነበረም፤ በዚያ ቦታ ላይ የሰማውን፣ ሁለት ጉሮሮዎች እንደ ሁለት ኮርማ የተጋጠሙበትን ድምፅ፣ ላልሰማው ሰው የሚያስረዳበት ሌላ ቃል ስላጣ ነው። መጋቢት 4 ቀን 1961 በሬዲዮ የተላለፈው የዚያው «ቱራንዶት» ቅጂ ዛሬም ይገኛል። እርሱን የሰማ ሰው ንክሻው ሐሰት፣ ግጥሚያው ግን እውነት መሆኑን ያረጋግጣል።

ምስክሮቹ የተቀመጡበትን ቦታ ማወቅም ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ከታች በቬሉ ወንበር ላይ አልነበሩም። በጣሊያን ቴአትሮች ከሁሉ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር የሚገኘው ርካሽ ሰገነት «ሎጆኔ» ይባላል። በሜትሮፖሊታንም ለቋሚዎች የተከለለ ስፍራ ነበር፤ ትኬቱን ለማግኘት ሰዎች ለብዙ ሰዓታት ይሰለፉ ነበር። በፓርማ በ1829 በተከፈተው ቴአትሮ ሬጂዮ ሰገነት ላይ ዳቦ ጋጋሪው፣ አናጢውና ባለሱቁ ከተማሪው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ቬርዲ በ1813 የተወለደባት መንደር ከዚያ ሩቅ አይደለችም፤ የፓርማ ሰው ኦፔራን የሚቆጥረው እንደ ቤተሰብ ርስት ነው። በዚያ ከተማ ከሽፎ የወጣን አንድ ቴኖር የባቡር ጣቢያው ተሸካሚ ሻንጣህን አልይዝም አለው የሚል አፈ ታሪክ አለ። ተፈጽሞም ሆነ ተፈጥሮ፣ የከተማው ሕዝብ ራሱን ምን ዓይነት ዳኛ አድርጎ እንደሚያይ ይገልጻል።

ይህ ዳኛ ኖታ አያነብ ይሆናል። ነገር ግን አንዱን «ትሮቫቶሬ» ከአሥር ቴኖሮች አፍ ሰምቶታል። ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ፣ ዘፋኝ ሲደክም የሚሸሸግበትን ሐረግ፣ ፍርሃት ድምፅን የሚያሻክርበትን ጊዜ ጠንቅቆ ያውቃል። የቅኔ ቤት ተማሪ ሰዋስውን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጆሮው እንደሚያውቀው ማለት ነው። በአንጻሩ በየጋዜጣው የሚጽፉት ሐያስያን በኮሬሊ ላይ ያቀረቧቸው ክሶች ከሰገነቱ ውዳሴ ጋር ፊት ለፊት ይጋጩ ነበር። ኖታን ከሚገባው በላይ ያስረዝማል፤ ምቱን ይጎትታል፤ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሲሄድ ይንሸራተታል፤ ፈረንሳይኛውም ፈረንሳይኛ አይደለም አሉ። ክሶቹ መሠረተ ቢስ አልነበሩም። በ«ሮሜዮና ዡልየት» ቅጂው ላይ ያለውን አነጋገር የሰማ ፈረንሳዊ ቢከፋ አይፈረድበትም። ስለ ኖታዎቹ ርዝመትም ቢሆን ሰገነቱ ራሱ ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ ዘፋኝን እንደ ሯጭ በሰከንድ የሚመዝን ጭብጨባ ዘፋኙን ሯጭ ያደርገዋል።

በጋዜጣውና በሰገነቱ መካከል ለመፍረድ የሚያስችል ማስረጃ የተገኘው ካልታሰበ ወገን ነው። የኦፔራ አፍቃሪዎች ያለፈ ምሽትን በእጅ ለመያዝ መመኘት የጀመሩት ከጥንት ነው። የሜትሮፖሊታን የሙዚቃ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ላዮኔል ሜፕልሰን ከ1901 እስከ 1903 ባለው ጊዜ ውስጥ በኤዲሰን የሰም ሲሊንደር ላይ ትርኢቶችን ይቀርጽ ነበር፤ ኋላም መሣሪያውን ከመድረኩ በላይ ካለው የብረት መተላለፊያ ላይ ተከለው። የዚያ ዘመን ታላቅ ቴኖር የፖላንዱ ተወላጅ ዣን ደ ረሽኬ ድምፅ ዛሬ ሊሰማ የሚችለው በእነዚያ ሲሊንደሮች ነው ማለት ይቻላል። የሚሰማውም እንደ በረዶ ዝናብ ከሚንኳኳ ጫጫታ በስተጀርባ፣ ከሩቅ ተራራ ላይ የሚጣራ ሰው ድምፅ መስሎ ነው። በኮሬሊ ዘመን መሣሪያው ተሻሽሏል። ሜትሮፖሊታን ከ1931 ጀምሮ የቅዳሜ ትርኢቶቹን በሬዲዮ ያስተላልፍ ስለነበር ብዙዎች በየቤታቸው በቴፕ ይቀርጹ ነበር። ኤድዋርድ ስሚዝ የተባለ ኒው ዮርካዊ ከ1956 ጀምሮ ያለ ፈቃድ የተቀረጹ ትርኢቶችን በሸክላ እያሳተመ በደንበኝነት ለተመዘገቡ አፍቃሪዎች ያድል ነበር። መቅረጫውን በቦርሳ ወይም በካፖርት ሸሽጎ የሚገባም አልጠፋም። በሕግ ዓይን ይህ ስርቆት ነው። ይሁንና እነዚህ ሰዎች ባይሰርቁ ኖሮ የ1954ቱ «ላ ቬስታሌ» ዛሬ ባልኖረ ነበር።

እንግዲህ ቴፑ ምን መሰከረ? በመጀመሪያ አንዳንድ ትዝታን አፈረሰ። በ«ኢል ትሮቫቶሬ» ሦስተኛ ገቢር መጨረሻ ላይ ጀግናው ማንሪኮ እናቱን ከእሳት ለማዳን ሲነሣ የሚዘፍነው አርያ አለ። እዚያ ላይ የሚሰማው ዝነኛው ከፍተኛ «ዶ» የቴኖር ሁሉ ፈተና ሆኖ ይቆጠራል። ቬርዲ ግን ያንን ኖታ አልጻፈውም፤ ልማድ የጨመረው ነው። በዚያ ላይ ብዙ ቴኖሮች፣ ኮሬሊም ጭምር፣ አርያውን በግማሽ ደረጃ ዝቅ አስደርገው የዘፈኑባቸው ምሽቶች አሉ። ስለዚህ ያንን «ዶ» በሕይወቴ አልረሳውም የሚለው ሽማግሌ ሳያውቀው «ሲ»ን እያስታወሰ ሊሆን ይችላል። ኖታውን ተሳስቷል፤ በውስጡ የተነሣው መናወጥ ግን አልተሳሳተም፤ ምክንያቱም ያ መናወጥ ከኖታው ስም ሳይሆን ድምፁ ከተቀጣጠለበት መንገድ የመጣ ነውና።

ሁለተኛው ምስክርነት ከዚህ ይበልጥ አሳሳቢ ነው። ሰገነቱም ጋዜጣውም ስለ ኮሬሊ ሲያወሩ ኃይልን ያስቀድማሉ፤ አንደኛው ያወድሰዋል፣ ሌላኛው ይወቅሰዋል። ቴፑን ደጋግሞ የሚሰማ ሰው ግን ታላቅነቱ ከሁሉ በላይ የሚታየው ድምፁን በሚቀንስበት ቦታ መሆኑን ያስተውላል። ከፍ ያለ ኖታ በሙሉ ኃይል መያዝ ጠንካራ ደረት ላለው ሁሉ የተፈቀደ ነው። ያንኑ ኖታ ሳይሰብሩ፣ ሳያንቀጠቅጡ፣ ወደ ሐሰተኛ ድምፅ ሳይሸሹ፣ እንደ መብራት ፊትል ቀስ በቀስ እየቀነሱ ወደ ክር መለወጥ ግን ከመቶ ቴኖር ለአንዱም አይሳካም።

ለምሳሌ በ«አይዳ» መጀመሪያ ላይ ወታደሩ ራዳሜስ የሚዘፍነውን አርያ መውሰድ ይቻላል። ቬርዲ የመጨረሻዋን ከፍተኛ ኖታ እየሞተች በልስላሴ እንድትጠፋ ብሎ በግልጽ ጽፏል። አብዛኞቹ ቴኖሮች አዝዞ እንዳልጻፈ ያህል ጮኸው ይጨርሷታል። ኮሬሊ በ1967 በዙቢን ሜህታ መሪነት ሮም ላይ በተቀረጸው ሸክላ በሙሉ ድምፅ ይነሣና፣ በዚያው ትንፋሽ እየቀነሰ እየቀነሰ ቬርዲ የጻፈው ቦታ ላይ ያደርሳታል። (ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ኦፔራ ሌላም ትዝብት ያስከትላል። የምትወደሰው አይዳ በግብፅ የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ራዳሜስም ኢትዮጵያን ድል ነሥቶ ይመለሳል። ሥራው እንዲደረስ ያዘዘው ኬዲቭ እስማኤል ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ካይሮ ላይ የታየው በ1871 ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላ ይኸው ገዢ እውነተኛ ጦር ወደ ኢትዮጵያ ሰደደ፤ በጉንደትና በጉራ የሆነው ግን በመድረኩ ላይ እንደታየው አልነበረም።)

የስቱዲዮ ሸክላ ነውና ኖታውን የቀነሰው ጉሮሮው ሳይሆን የመሐንዲሱ ጣት ነው የሚል ተጠራጣሪ ይነሣ ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው በዚያው ዓመት በጥር ወር በፓርማ የቀረበው «ቶስካ» ነው። ያ ምሽት በኮሬሊ አፍቃሪዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ቅጂ ነው። በሁለተኛው ገቢር ሠዓሊው ካቫራዶሲ ከሥቃይ ክፍል ወጥቶ የጠላቱን መሸነፍ ሲሰማ የሚያወጣት የድል ጩኸት አለች። ኮሬሊ ያችን ጩኸት ኦርኬስትራው ቆሞ እስኪጠብቀው ድረስ ያስረዝማታል፤ የጋዜጣው ሐያሲ የሚከሰው በዚህ ነው፣ ሰገነቱም የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። ሁለቱም ሊሰሙት የሚገባው ግን በሦስተኛው ገቢር ነው። ሊረሸን አንድ ሰዓት የቀረው ሠዓሊ ደብዳቤ መጻፍ ጀምሮ ያቋርጥና የሚወዳት ሴት በሌሊት ወደ እርሱ የመጣችበትን ያስታውሳል። ልብሷ ሲፈታ የሚያነሣበት ሐረግ ላይ ኮሬሊ ከፍ ያለውን ኖታ ይዞ ከሙሉ ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ያወርደዋል። ድምፁ የሚናገረውን ነገር ራሱን ይሆናል፤ መጋረጃ ሲወርድ ወይም ነጠላ ከትከሻ ሲንሸራተት የሚሰማው ያህል ብቻ ይቀራል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቁልፍ የሚያዞር መሐንዲስ አልነበረም።

ኖታው ምን ያህል ረዘመ ብሎ በሰዓት ለሚለካ ሐያሲ ይህም እንደ ሌላው ሁሉ መጎተት ነው። ከገጸ ባሕርዩ ሁኔታ የሚነሣ ሐያሲ ግን ልዩነቱን ያያል። ሞት ደጅ የቆመበት ሰው አንዲትን ደቂቃ ሊያስረዝማት ይፈልጋል፤ ሰዓቱ እንዲሄድበት አይሻም። እዚህ ላይ መዘግየቱ ትርጉም አለው። በድሉ ጩኸት ላይ ያለው መዘግየት ግን፣ የቱንም ያህል ቢያስደስት፣ ለአዳራሹ የተከፈለ ግብር ነው። ኮሬሊን ያለ አድልዎ ለመመዘን እነዚህን ሁለት መዘግየቶች ለይቶ ማየት ግድ ይላል፤ ወዳጆቹም ነቃፊዎቹም በአንድ ከረጢት ከተዋቸዋል።

ቴፑም ቢሆን ሁሉን አዋቂ ምስክር አይደለም። ማይክሮፎን ትልቁንና ትንሹን ድምፅ ያስተካክላል። ከሩቅ የማይሰማ ዘፋኝ በሸክላ ላይ እንደ አንበሳ ያገሳል፤ አዳራሽ የሚሞላው ደግሞ በጠባብ ሣጥን ውስጥ እንደ ታጎረ ሆኖ ይሰማል። ወደ 3,800 መቀመጫ ባለው በ1966 በተከፈተው አዲሱ የሜትሮፖሊታን ሕንፃ ውስጥ ያ የፓርማ ሹክሹክታ የመጨረሻው ቋሚ ዘንድ እንዴት ይደርስ እንደነበር፣ ድምፁ ከመድረክ ተነሥቶ በአየር ላይ ስፍራ ሲይዝ ምን ይመስል እንደነበር ሊናገር የሚችለው የነበረው ሰው ብቻ ነው። እርሱም ይናገራል፤ ቃላቱ ግን ከሙዚቃ መጽሐፍ የተወሰዱ አይደሉም። ሙቀት፣ ብረት፣ ማዕበል ይላል። የተማረው ሐያሲ እነዚህን ቃላት ሲሰማ ከንፈሩን ይመጥጣል። መልሶ ግን ከቴፑ ጋር ቢያስተያያቸው፣ ማዕበል የተባለው ድምፁ ከኦርኬስትራው በላይ የሚነሣበትን ዘገምተኛ አካሄድ፣ ብረት የተባለው ደግሞ ከፍ ሲል የሚጨምረውን ስለት የሚገልጽ ሆኖ ያገኘዋል። ትርጉም የሚያሻው ምስክርነት ሐሰተኛ ምስክርነት ማለት አይደለም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የሚከብድ ነገር አለ። ኮሬሊ በመድረክ ፍርሃት የታወቀ ሰው ነበር። መጋረጃው ሊከፈት ደቂቃዎች ሲቀሩት አልወጣም ይል እንደነበር፣ ሚስቱና የቴአትሩ ሰዎች እየገፉ ያወጡት እንደነበር የሥራ ባልደረቦቹ መስክረዋል። ከመዝፈን በፊት የሚያድርበት ጭንቀት ምሽቶችን አስቀርቶበታል። የሚፈራውም ሌላ ማንንም አልነበረም፤ ያንኑ የሚወደውን ሰገነት ነበር። ትናንት ያደረገውን ዛሬም እንዲያደርግ የሚጠብቁት ሁሉንም የሚያስታውሱ ሰዎች ናቸውና። ትዝታ ለተመልካች ሀብት፣ ለዘፋኝ ግን ዕዳ ይሆናል። በሃምሳ አምስት ዓመቱ መድረኩን ሲተው ድምፁ ገና አላለቀም የሚሉ አድናቂዎች እስከ ዛሬ ይቆጫሉ፤ ቁጭታቸው ከምክንያቶቹ አንዱ እነርሱው ራሳቸው ሊሆኑ እንደሚችሉ ሲያነሡ ግን አይሰማም።

በ1990 ገደማ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ጣቢያ በሚተላለፍ የኦፔራ ዝግጅት ላይ ኮሬሊ በእንግድነት እየቀረበ ስለ ድምፅ አያያዝ፣ ስለ ቀደምት ቴኖሮችና ስለ ራሱ ሥራ ለብዙ ሰዓታት ተነጋግሯል። አዳማጮችም ስልክ ይደውሉለት ነበር። ያ ሰው በራሱ ሥራ ረክቶ የማያውቅ መሆኑን የሚያውቁት ሁሉ ይናገራሉ። በሥራ ላይ በነበረባቸው ዓመታት የየምሽቱን ትርኢት በቴፕ ያስቀርጽ ነበር፤ ከጭብጨባው በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ ድካሙን ሳያስታምም ቴፑን ከፍቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያዳምጥ ነበር፣ ጉድለት ፍለጋ። በዚያው ሰዓት ከሰገነቱ የወረዱት ሰዎች ያችኑ ኖታ እርስ በርስ እየተቀባበሉ፣ እየተከራከሩ፣ በሌሊቱ ጎዳና ላይ በእግራቸው ወደየቤታቸው ይሄዱ ነበር።